ዓይናማው አባጨጓሬ

መጀመሪያ ያየኝ እሱ ነው፤ እኔ አላየሁትም። የጠፋብኝን ኳስ ፍለጋ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ቁጥቋጦ ሥር በእንብርክኬ ስድህ፣ ልክ ከአፍንጫዬ ፊት ሁለት ትልልቅ ሰማያዊ ዓይኖች ፍጥጥ ብለው ጠበቁኝ። ጮኼ ወደ ኋላ ስል ጭንቅላቴ ከአጥሩ ቆርቆሮ ጋር ተጋጨ። ዓይኖቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። አይርገበገቡም፣ አይሸሹም፣ አያፍሩም።

ግንባሬን እያሻሸሁ ጠጋ ብዬ ሳይ ባለቤታቸው አባጨጓሬ ሆኖ ተገኘ። ግን ምን ዓይነት አባጨጓሬ! እኔ የማውቀው ፀጉራሙን፣ ሲነኩት የሚያሳክከውን፣ እናቴ በእንጨት ጫፍ አንሥታ እሳት ውስጥ የምትጨምረውን ነበር። ይሄኛው አንድ ፀጉር የለውም። ቁመቱ የአባቴን ሌባ ጣት ያህላል፤ መልኩ ያልበሰለ ሎሚ ነው፤ ጎኑና ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ወርዶበታል። ጅራቱ ላይ ደግሞ ቀንድ አለው። ቀንድ በጅራት! ያቺን ቁጥቋጦ ፍየል እንኳ አይቀምሳትም። ሮዝ አበባዋ ሲያዩት ያምራል እንጂ ቅጠሏ መርዝ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እሱ ግን ቁርሱንም ምሳውንም እዚያው እያደረገ ወፍሯል።

ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ፈልጌ፣ እንዲመቸው ብዬ ከሥሩ አፈር አድርጌ፣ ከነቅጠሉ ከተትኩትና ወደ አባቴ ሮጥኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የፊት ለፊቱ ክፍላችን ሱቁ ነው፤ የስፌት መኪናው፣ ሰፊው ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተደረደረው ጥቅል ክር፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ የሚያልፍ ካውያ ሽታ። እስከ ዛሬ የትም ቦታ የጋለ ካውያ ከሸተተኝ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚያ ሰሞን መኪናውን ከቦታው አንሥቶ መስኮቱ ሥር አስጠግቶት ነበር። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ አልነበረም እንጂ ለእኔ ግልጽ ነበር። አባቴ ወሬ ይወዳል፤ መንገደኛውን ለመጥለፍ ነው።

እኔም በሱቁ ውስጥ የታወቀ ሥራ ነበረኝ። በመርፌ ክር ማስገባት። ድሮ ራሱ ነበር የሚያስገባው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ለእኔ ሰጠኝ። «መርፌዬ» የሚለውም ለዚህ ነው። ሹመቱን ያገኘሁት በጉብዝናዬ ስለመሰለኝ በትምህርት ቤት ሳይቀር ጉራዬን እነዛ ነበር።

«እንቆቅልህ!» አልኩት ጠርሙሱን ከኋላዬ ደብቄ።

«ምን አውቅልሽ!»

«ቀንዱ በጅራቱ፣ መርዝ ምሳና ራቱ!»

መኪናውን አቆመ። «ተገልብጦ የተፈጠረ በሬ ነው» አለ። አይደለም አልኩት። «አቃተኝ፤ በቃ አገር ልስጥሽ። የቁልፉን ቆርቆሮ ከነነዋሪዎቹ ውሰጂ።»

የቁልፍ ቆርቆሮው ትልቅ አገር ነበር፤ ተቀበልኩና ጠርሙሱን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው፣ አዟዟረው፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው። «ይሄማ» አለና እንደገና አዟዟረው። «ይሄማ በቀላሉ የሚታወቅ አይደለም። በይ እያየሽ ንገሪኝ።»

«አንተ እያየኸው አይደል እንዴ?»

«የእኔ ማየት ለአንቺ ምን ይጠቅምሻል? ያየውን በቃሉ መናገር ያልቻለ ሰው አላየም። ደንበኛ መጥቶ ኮት ስፋልኝ ቢለኝ ዘልዬ መቀስ አነሣለሁ? ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ወገቡን ብዬ ነው። ለኪልኝ።»

ለካሁለት። ሜትሩን ጠርሙሱ ላይ አስደግፌ ርዝመቱን፣ ቀንዱን፣ በጎኑ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቀር ነገርኩት። አረንጓዴ ነው ስለው ተቆጣ። «አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም። የትኛው አረንጓዴ? ሂጂ ከክሩ አመሳክሪ።» ጥቅል ክሮቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ ጠርሙሱ ላይ አስጠጋሁ። የሚገጥመውን ሳገኝ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ከየትኛው ረድፍ ነው ያነሣሽው?» አለኝ። ከላይኛው፣ ከዳር አልኩት። «እሱ የመጋረጃው አረንጓዴ ነው» አለ። ሳያይ! አባቴ ቀለምን በጀርባው የሚያውቅ ሰው መሆኑን በነጋታው ለክፍሉ ሁሉ ተናገርኩ።

«ዓይኑስ?»

«የዩኒፎርማችን ሰማያዊ። መሀሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ጥቁር። ፍጥጥ ብሎ እያየኝ ነው።»

ጠርሙሱን እንደገና መስኮቱ ላይ አስጠጋው፤ አፍንጫው መስተዋቱን ነካው። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «ዓይንስ አለው። ዓይናማ ነው።»

ስሙ በዚሁ ጸና። ግን ስም ማውጣት ሌላ፣ ምን እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው አባጨጓሬ ቀንድ ያወጣው? የማያሳክከውስ ለምንድን ነው? መልስ ሳላገኝ እንቅልፍ የሚወስደኝ አልመሰለኝም።

እናቴ በበሩ ብቅ ስትል ጠርሙሱን አየችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። እናቴ ከእባብ ይልቅ ትል የምትፈራ፣ ከጎመን ውስጥ አንዲት ብታገኝ ጎመኑን በሙሉ የምትጥል ሴት ነበረች።

«ይሄን ጉድ አሁኑኑ ከቤቴ አውጡልኝ! ወይ እሱ ወይ እኔ!»

«እስቲ አስቤ ልምረጥ፣ አታጣድፊኝ» አለ አባቴ።

ሳቀችና በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ በገባች ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ጨርቅ ትጥልበታለች። አንድ ቀን እንኳ ደፍራ አላየችውም።

በዚያው ሰሞን ነው እናቴ የአባቴ ጠላት መሆኗን የደረስኩበት።

አባቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል። እኔ ለዓይናማው ትኩስ ቅጠል ልቀይር ወደ ሱቁ ስገባ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአባቴን ሥራ ይዛለች። ጠዋት ጨርሶ ያጠፈውን ሱሪ ገልብጣ፣ ጠርዙን በምላጭ እየነካች፣ ክሩን መዝ እያደረገች ታወጣለች። ከዚያ በእጇ መልሳ ትሰፋለች። የተፈታው ክር ጭኗ ላይ ተከምሯል።

«የአባዬን ሥራ ለምን ታበላሺበታለሽ?»

ደነገጠች። ክሩን ሰብስባ ኪሷ ከተተች። «እያሳመርኩለት ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ለእሱ ትንፍሽ ብትይ ግን ያንን ጉድሽን ለጎረቤት ዶሮ ነው የምሰጠው።»

ምን አማራጭ አለኝ? በአንድ በኩል የአባቴ ክብር፣ በሌላ በኩል የዓይናማው ነፍስ። ዓይናማውን መረጥኩና አፌን ዘጋሁ። በሆዴ ግን እናቴን ቂም ያዝኩባት። ምሳ ስታቀርብ ሳይ፣ ለአባቴ ውኃ ስትቀዳለት ሳይ፣ «አስመሳይ» እላለሁ ለራሴ። አንዴ ቁልፉን ሁሉ ነቅላ ስትተክል አየኋት። አንዴ ደግሞ ጥቁር ሱሪ በቡናማ ክር ተሰፍቶ አግኝታ ለረጅም ጊዜ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በአባቴ ስህተት እየሳቀች መሰለኝ፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰፈሩም በአባቴ ላይ ተነሥቶ ነበር። በመንገድ አልፎን ሲሄድ ሰላም አይልም፣ ኮርቷል ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ይህን አልሰማም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግን ድምፃቸውን ሲሰማ እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራ ልጆቻቸውን ሳይቀር ይጠይቃል። ሰው እንዴት መንገድ ላይ ሲሆን ኩሩ፣ ወንበር ላይ ሲሆን ትሑት ይሆናል? ይህንንም አባቴ ካለው ልዩ ልዩ ተሰጥኦ ቆጠርኩት።

የአባጨጓሬውን ነገር የፈቱልኝ የሳይንስ መምህሩ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ፣ የአባቴ የቆየ ወዳጅ ነበሩ። በጡረታ ሊሸኙ ስለሆነ ለሽኝቱ የሚለብሱትን ሙሉ ሱፍ ለአባቴ ሰጥተዋል። ሊለኩ መጥተው ወንበር ላይ ቆመዋል። አባቴ ተንበርክኮ፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ፣ የሱሪውን እግር ያጥፋል። እኔ ጠርሙሱን ወደ ላይ ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው እንዳዩት ፊታቸው በራ። «ሮዝ አበባ ካላት ቁጥቋጦ ላይ ነው አይደል ያገኘሽው?»

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«ሌላ ምን ይበላል? መርዟ ለእሱ ምኑም አይደለም። ተይው ይደግ፤ ትልቅ የእሳት ራት ነው የሚሆንልሽ። ያ መብራት ላይ የሚንከራተተው አመዳም እንዳይመስልሽ፤ አረንጓዴና ሮዝ የተዥጎረጎረ ነው። ሲበር ደግሞ ክንፉ እንደ አባትሽ መኪና ይጮኻል።»

ከደስታዬ ብዛት ዘለልኩ። «ዓይኑንስ አዩለት? እንዴት እንደሚያፈጥ!»

«እነዚህን?» ሳቁ መምህሩ። «እነዚህማ ዓይን አይደሉም፣ ልጄ። ቀለም ናቸው። ወፍ ስትመጣበት የሚያስፈራራባቸው ናቸው። ደህና አድርገሽ እዪው፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አይሳሳትም። የእውነቱ ዓይኖቹ እዚህ ታች፣ ከአፉ አጠገብ ናቸው፤ የመርፌ ጫፍ አያህሉም። ብርሃኑን ከጨለማው ከለዩለት ትልቅ ነገር ነው።»

ለአባቴ ተቆርቁሬ ጮኽኩ። «ዓይን ናቸው! አባዬ አይቷቸዋል! እዚች መስኮት ላይ እስከ አፍንጫው አስጠግቶ አይቶ ዓይናማ ነው ብሏል!»

መምህሩ ሳቃቸውን አቋረጡ። ወደ ታች፣ ወደ አባቴ ተመለከቱ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ያዝ እንደማለት፣ አባቴ ፊት ዘረጉለት። አባቴ አልተቀበላቸውም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ተኮራረፉ አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከሰኞ ጀምሮ» አልኩ፤ ስለ አባጨጓሬው መስሎኝ።

ማንም አላየኝም። አባቴ ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። «ካለፈው ክረምት ወዲህ» አለ።

ክው አልኩ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እያወቀው ነው እኔን ያስለካኝ?

«ሐኪም አየህ?»

«አየኝ። አይመለስም ነው ያለው።»

ወደ ጠርሙሱ አየሁ። የት ሄዶ ነው የማይመለሰው? ይኸው ቅጠሉን እየጋጠ ነው።

«እሷስ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ካወቀች ከነገ ጀምሮ አርፈህ ተቀመጥ ትለኛለች። መምህር፣ እኔ አርፌ ተቀምጬ ምን እሆናለሁ? እጄ እስካለ ድረስ ልሥራ። ከዚህ መኪና ያነሡኝ ቀን እኔም የለሁ፣ ቤቱም የለ።»

መምህሩ ከወንበሩ ወረዱ። ስፒል የተሰካበት የሱሪ እግራቸው መሬት ለመሬት እየተጎተተ ወደ አባቴ ሄዱና ትከሻውን ያዙት። «ሱፌን ከአንተ በቀር ማንም አይሰፋልኝም» አሉ። «ግን ንገራት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ እስኪጠራልኝ ብዙ አደረ። ያን ቀን የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ትል ዓይን ምክንያት ሊያለቅሱ ደርሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ጠርሙሱን ከአጠገቡ አይለየውም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስውል እሱ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቅልኛል። አንድ ቀን ከሰዓት ገና የእግሬን ኮቴ እንደሰማ ጠርሙሱን አነሣና፣

«ነይ፣ ነይ መርፌዬ!» አለኝ። «ዓይናማሽ ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮበታል! ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥብኝ ነው የዋለው።»

አየሁት። ጠርሙሱ ውስጥ የጠወለገ ቅጠልና አፈር ብቻ ነው ያለው። ዓይናማው የለም።

በሳቅ ፈረስኩ። አባቴ ሲቀልድ እንዲህ ነው፤ ፊቱ ላይ አንዳች አይታይም። «የታለ? የታለ?» እያልኩ ስስቅ እናቴ የተተኮሰ ልብስ በክንዷ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። አልሳቀችም። ጠርሙሱን አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርቅ ሳትጥልበት ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አባቴን አየች። ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አዎ» አለች። «አምሮበታል። አረንጓዴነቱ ሲያምር!»

አባቴ ጠርሙሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ቆይቶ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሁልጊዜ ኮሌታው ላይ የሚሰካትን መርፌ በጣቱ ዳብሶ አወጣና ዘረጋት፤ ወደ እኔ ሳይሆን እናቴ ወደቆመችበት።

«እስቲ ክር አስገቢልኝ» አላት።

የእኔን ሥራ! እናቴ መርፌዋን ተቀበለች። ክሩ ይስትባታል፣ እንደገና በምራቋ ታረጥበዋለች፣ እንደገና ይስትባታል። «አምጪው እኔ ላስገባ!» አልኳት። አልሰማችኝም። እሱም አልሰማኝም። ሁለቱም ያቺን መርፌ ብቻ የሚያውቁ ይመስሉ ነበር።

እያለቀስኩ ወጣሁ። ነገሩ በሙሉ ገብቶኛል፤ ዓይናማዬን ጥለውብኛል፣ ከዚያ ተባብረው አላገጡብኝ፣ በዚያ ላይ ሹመቴን ቀሙኝ። እስኪመሽ ቁጥቋጦዋን ቅጠል በቅጠል ስፈልግ ዋልኩ።

በነጋታው ከመኪናው ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። «ወገቤ አላስቆም አለኝ፤ ከእንግዲህ ተቀምጬ ነው የምሠራው» አለች ለአባቴ። «አንተ ወዲያ ተነሣልኝ፤ መለካቱን ያዝ።» አባቴ ምንም አልተከራከረም። ሜትሩን ትቶ ገመድ ያዘ። የሰውን ትከሻና ወገብ በእጁ እየዳሰሰ ገመዱ ላይ ይቋጥራል፤ እናቴ በቋጠሮው ልክ ጨርቁን ትቆርጣለች። ደንበኛው መጀመሪያ ገረመው፣ ቆይቶ ወደደው። ከሜትሩ ይልቅ የእሱ ጣት ይታመናል ተባለ። እናቴም ከዚያን ቀን ወዲያ ስፌት ስትፈታ አላየኋትም። እኔ ግን ከወንበሩ ያባረረችው መስሎኝ ስንት ጊዜ አኮረፍኳት።

መምህሩ ሱፋቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አልቅሼ ከሰስኩ። ልብሱ ልክክ ብሎላቸዋል። ጠርሙሱን አነሡና አፈሩን አሳዩኝ። «ማንም አልጣለብሽም። ራሱ ነው የገባው። መልኩን ለውጦ፣ መብላቱን ትቶ፣ ከአፈር ሥር ሌላ ሆኖ ሊሠራ ነው። አትቆፍሪው፤ ጠብቂው።»

ጠበቅሁ። አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጠርሙሱ ውስጥ አንዳች ነገር ሲንኮሻኮሽ አባቴ ቀድሞ ሰማ። ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን አስገባ። የእሳት ራቱ ጣቱን ይዞ ወጣ፤ ክንፉ እንደ ረጠበ ጨርቅ የተጨማደደ ነበር፤ ቀስ እያለ ተዘረጋ። አባቴ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

«በይ ንገሪኝ» አለኝ።

ክሮቹን አወረድኩ። የመጋረጃው አረንጓዴ፣ ከእሱ የጠቆረ የቅጠል አረንጓዴ፣ ከጨቅላ ሕፃን ልብስ የተረፈው ፈዛዛ ሮዝ። እናቴ ከመኪናው ላይ ሆና፣ «እዚያ ጋ ነጭም አለው፣ ነጩን ረሳሽ» አለች። አባቴ ጣቱን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። ክንፉ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እውነትም እንደ ስፌት መኪና እያለ ተነሣ። እኔ ከቁጥቋጦዋ በላይ ሲያልፍ ጠፋብኝ። አባቴ ግን አንገቱን እያዞረ ለረጅም ጊዜ ወደሄደበት ሲከተለው ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው። እዚህም ወንበሩ መስኮት ሥር ነው፤ ብርሃኑ ባይጠቅመውም ሙቀቱን ይወደዋል። ለብሶት የሚውለው ኮት እናቴ የሰፋችለት ነው። ባለፈው ሰሞን አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ምላጩና ስለተፈታው ክር አነሣሁበት። ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው የኖርኩትን ምሥጢር የማወጣ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ሳቀብኝ። የኮቱን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። «እኔ አንድ ጊዜ ነው የምቋጥረው» አለ። «እናትሽ ሁለት ጊዜ ትቋጥራለች። የሰፋሁትን ሱሪ በማግሥቱ ሳነሣው ድርብ ቋጠሮ አገኛለሁ። መጀመሪያ እጄም እንደ ዓይኔ ከዳኝ ብዬ ፈራሁ። በኋላ ጠረጠርኩ፤ ግን መጠርጠሬን አልወደድኩትም።»

«ታዲያ ማወቋን መቼ አረጋገጥህ?»

«በጠርሙሱ ቀን ነዋ።»

«ባዶ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«በምን ዓይኔ? አንቺ ስትስቂ እንኳ አልገባኝም፤ ልጅ ነሽ፣ ሳቅሽ ምክንያት አይፈልግም። የገባኝ እናትሽ ‹አምሮበታል› ስትል ነው።» ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «አንቺ መርፌዬ፣ እናትሽ በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ትል አምሮበታል ብላ ታውቃለች?»

ያቺ ሴት በመላ ሕይወቷ ስለ ትል የዋሸችው ያን አንድ ቀን ብቻ ይመስለኛል፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ሁለት ዓይን ነበረኝ።

አባቴ ኮሌታው ላይ ዳበሰ። ዛሬም መርፌ ይሰካበታል። አወጣና ዘረጋልኝ። «በይ ክር አስገቢልኝ፤ ይህቺ ቁልፍ ልትወድቅ ነው።»

መነጽሬን አደረግሁ። ክሩን በምራቄ አረጠብኩት። ቀዳዳዋ እየዋኘች አስቸገረችኝ፤ ሞከርኩ፣ ሳትኩ፣ እንደገና ሞከርኩ።

«ገባ?» አለኝ።

«አዎ፣ ገብቷል» አልኩት።

ፈገግ አለና፣ እስኪገባ ድረስ እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ።